የእጅ ፍሬን መብራት

«የእጅ ፍሬኑ መብራት አልጠፋ አለኝ፣ ልጄ» አላት አባቷ፣ መኪናውን ጋራዧ በር ላይ አቁሞ። ከተኮራረፉ ወዲህ ድምፁን ሰምታ አታውቅም። እጇን በጨርቅ ጠርጋ የፍሬን ዘይቱን አየች፤ ሙሉ ነው። ከመሪው ኋላ ተቀምጣ የእጅ ፍሬኑን ስትነካው ግን በአንዲት ጥርስ ብቻ ወደ ላይ ተስቦ አገኘችው። ወደ ታች ስትጫነው መብራቱ ጠፋ።

ዕድሜውን በሹፌርነት የጨረሰ፣ እሷንም መንዳት ያስተማረ ሰው ይህ እንዴት ይሰወረዋል? ቀና ስትል አባቷ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ዓይን ዓይኗን ያያል። ያኔ ገባት፤ ሊያያት ነው የመጣው። ለካ እሷም አባቷን እንዲህ ናፍቃ ኖሯል።

«ምን ሆኖ ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

በርጩማ ሳበችለት። «ብዙ ሥራ አለው፣ አባዬ። ዛሬ አያልቅም፤ ግባና ተቀመጥ።»