ቅኝት የሌለው ጩኸት

ከዛሬ በኋላ ቅኝቱ ያልተመዘገበ ድምፅ ሁሉ ከየቤቱ ማጫወቻ ይጠፋል። ቃልኪዳን የሟች ወንድሟን የናሁሰናይን ሥራዎች ሳታስመዘግብ እዚህ ቀን ላይ ደርሳለች።

ናሁሰናይ ድሬዳዋ ውስጥ በተሰበረ ሬዲዮና በቆርቆሮ ሙዚቃ ሲሠራ፣ ማይክራፎን ላይ ሲጮህ ነው የኖረው። ጥቂት ወጣቶች ያመልኩት ነበር፤ ጎረቤት ግን ፖሊስ ይጠራበታል። እናቱ ወይዘሮ አስካለም "ኧረ ቀንሰው!" እያሉ ሲቆጡት ኖረው፣ ከሞተ ወዲህ ጩኸቱን ሳይሰሙ ቁርስ አይቀምሱም።

"ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አንዱን ይምረጡ" አለ ማጫወቻው።

"አንዱም አይደለም።"

"አንዱን ይምረጡ።"

"ምን አስጨነቀሽ?" አሉ ወይዘሮ አስካለ ከአልጋቸው ሆነው። "ትዝታ በይዋ! ለእኛ ትዝታችን አይደል?"

"እማዬ፣ ማጫወቻው የሚለው እኮ ቅኝቱን ነው።"

"ልጄ ከሚጠፋ የፈለጉትን ይበሉት።"

ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ቃልኪዳን "ትዝታ" አለች።

"ሥራዎቹ በትዝታ ቅኝት ተስተካክለው በቀድሞዎቹ ቦታ ተተክተዋል" አለ ማጫወቻው፤ ወዲያውም መጫወት ጀመረ። ቆርቆሮው ክራር ሆኗል። ጩኸቱ ተለሳልሶ፣ ቃላቱ አንድ በአንድ ይሰማሉ።

ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"እንዴት ያለ መረዋ ድምፅ ነው! የማን ልጅ ይሆን?" አሉ። ቃልኪዳን ማጫወቻውን ዘጋችው።

"በይ፣ አሁን የልጄን ክፈቺልኝና ቁርሴን ልብላ።"