ቢጫዋ ባትሪ

በሚሠራበት ጋራዥ «ንስሩ» ይሉታል። የተቀባ መኪና ላይ ቅንጣት እንከን አያመልጠውም። «ይሄማ ተጋጭቶ የተጠገነ ነው» ካለ አለቀ፤ የባለመኪናው ፊት ዓመድ ይመስላል። እሱ ደግሞ ይቺን ሰዓት ይወዳታል።

አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱን አስከትሎ ለዚሁ ሥራ የሚሆን የእጅ ባትሪ ሊገዛ ሄደ። ባለሱቁ ለመሞከሪያ ጥቁር የመኪና በር ባንኮኒው ላይ አጋድሟል። መጀመሪያ የሞከራት ቢጫ ብርሃን ያላት ባትሪ በሩን እንከን የለሽ አስመሰለችው። «ይቺስ ለዕውር ናት» ብሎ ገፋት። ነጯን ሲያበራት ግን በሩ የሸረሪት ድር በመሰለ ጭረት ተሞላ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለና ብርሃኑን ድንገት ሚስቱ ፊት ላይ ደቀነው። «እስቲ እያት ወንድሜ፤ ቀለሟ ተሰነጣጥቆ አልቋል። በነፃስ ማን ይወስዳታል?»

ባለሱቁ አቀረቀረ። የንስሩ ሚስት ግን ለምዳዋለች።

«እኔ እኮ ከፋብሪካ እንደወጣሁ ነኝ!» ብሎ ንስሩ እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱ ላይ አበራ።

ከእጁ አንጓ ከፍ ብሎ ክንዱን የሚዞር ቀጥ ያለ መስመር አየ። ቀለም ቀቢ ቀለሙ እንዳያልፍ የለጠፈውን የወረቀት ፕላስተር ሲያነሳ የሚቀር ዓይነት ጠርዝ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቆዳ በጥቂቱ ይደምቃል። በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። አላመመውም። የቀለም ቅርፊት ተነስቶ ባንኮኒው ላይ ወደቀ፤ ከሥሩ የታየው የተጎዳ መኪና የሚደፈንበት ግራጫ ስቱኮ ነበር።

ሚስቱ ነጯን ባትሪ ከእጁ ወስዳ አጠፋቻት።

«የጠገኑት ሰዎች በፀሐይ እንኳ አይታወቅም ብለውኝ ነበር» አለች ወደ ባለሱቁ ዞራ። «እባክህ፣ ቢጫዋን ጠቅልልልን።»