ከጫማ መደርደሪያው የተወሰደ አማርኛ

በዚያ ዘመን አንድ ጭንቅላት የሚይዘው አንድ ቋንቋ ብቻ ነበር፤ ሌላው ከነጠባዩ በብልቃጥ ይቀመጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያሉ የጃፓን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤታቸው ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ አማርኛቸውን በብልቃጥ አድርገው ከጫማቸው ጎን ይተዋሉ፣ ጃፓንኛቸውን ጠጥተው ይገባሉ።

አንድ ቅዳሜ የማህደር ልደት ነበርና ሚዮ ከክፍል እንደወጣች እጇ የገባውን ብልቃጥ ጨልጣ ወደ ጓደኛዋ ቤት ሮጠች።

ኬኩ ሊቆረስ ሲል ሚዮ አፏን ከፈተች። «እደጊ፣ ተመንደጊ ልጄ! ወገቤ አላስቆም አለኝ እንጂ ተነስቼ እመርቅሽ ነበር።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ኧረ ሚዮ፣ የማንን ነው የጠጣሽው?» አለች ማህደር፤ እንባዋ ግን መጣ። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን፣ ራሳቸው የደረሱትን የልደት ዘፈን አሁን ማን ሊዘፍንላት ነው?

እጇን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎተተቻት። በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ ጋሽ ሽብሩ ከሰፈር ልጆች ጋር ብይ ይጫወታሉ። ጋሽ ሽብሩ የራሳቸውን አማርኛ መደርደሪያው ላይ ትተው፣ ጃፓንኛ ተውሰው ከመስኮት ስር ተረት ማዳመጥ ይወዱ ነበር፤ ያን ቀን ሲመለሱ መደርደሪያው ላይ ያገኙት የሚዮን ብልቃጥ ነው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ የሚዮን አማርኛ ይመልሱ!»

«እምቢዬው! ተራዬ ነው!»

«ተያቸው ልጄ» አለች ሚዮ፣ በርጩማቸው ላይ እያቃሰተች ስትቀመጥ። «ስንት ዘመን በር ሲከፍቱ ሲዘጉ ኖረው፣ ዛሬ እንኳ ይጫወቱ።»

ማህደር ትንሽ አሰበችና ተመልሳ ኬኩን ከነሻማው ይዛ መጣች። ጋሽ ሽብሩ ዘፈኑን አንድ ቃል ሳያጎድሉ፣ እየዘለሉ ዘፈኑላት። ሚዮ መረቀች።

«ክሬም የበዛበት የኔ ነው!» አሉ ጋሽ ሽብሩ።