ፀጉራሙ አበባ

አባቷ ለጉንፋኑ አፍልቶ ከጠጣው የዱር አበባ የተረፈችውን ዘለላ ይዛ፣ ቤት ድረስ ሊያየው የመጣው ሐኪም ፊት ቆመች። «ሁለት ዓይነት ነው፤ በመልክ አይለዩም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አገዳው ፀጉራም ከሆነ ሆዱን ቆርጦት ያልፋል። ልሙጡ ከሆነ ግን ማርከሻ የለውም።»

ልብስ ማጠብ ጣቶቿን አደንዝዟቸው ነበር። ዓይነ ስውሩ አባቷ «ጣት ይዋሻል፣ ከንፈር አይዋሽም» እያለ እንዳስለመዳት፣ አገዳውን በከንፈሯ ዳሰሰችው። አንዲት ፀጉር እንኳ ሳትነካት ልስልስ ብሎ ተንሸራተተ።

«ፀጉራሙ ነው አይደል፣ ልጄ?» አለ አባቷ ከአልጋው። ትኩሳቱ ከንፈሩን ሰነጣጥቆት ነበር።

«ነው፣ አባዬ።»

«እስቲ አምጪው።» ተቀበላትና አገዳውን በተሰነጣጠቀው ከንፈሩ ላይ ቀስ አድርጎ ሳበው። «እውነትሽን ነው፤ እንደ ጠዋቱ ይሻክራል» አለና ትራሱ ላይ ተመቻቸ። «እኔን አበባ ሊያታልለኝ?»