ማን አሳቃት?

ሕጉ ከወጣ ወዲህ፣ ዓይነ ስውር ሰው ገለጻውን ሰምቶ «አየሁ» ያላለለት ፎቶ በየትኛውም ስክሪን ላይ አይበራም። ስለዚህ የትርሲት ትንሽ ልጅ «አያቴ» እያለች የምትስመው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ስክሪን ነው።

ትርሲት ስለ ተደራሽነት የሚወያዩ የኢንተርኔት ቡድኖችን ስታስስ ከረመች። አንዳንዱ የተዘጋጀ የገለጻ ዓረፍተ ነገር ይልክላታል፤ በእሱ «አየሁ» የሚል ግን ስለማይገኝ ፎቶው አይበራም። በመጨረሻ ያገኘችው ቡድን ሰውን ሳይረዳ የማይለቅ ሆነ። መልስ የሚሰጧት ጋሽ ሞላልኝ ከውልደታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ የጂንካ ሰው ናቸው።

«እናቴ በር ላይ ቆማለች። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች» አለቻቸው በስልክ፣ ፎቶውን ከትዝታዋ እየገለጸች።

«ቀለሙን ተዪልኝ የኔ ልጅ። ፊቷስ?»

«እየሳቀች ነው።»

«ማን አሳቃት?»

ትርሲትን ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ልጅ ነበርኩ። ካሜራውን በጣቴ ጋርጄው ‹ኧረ ጣትሽን አንሺ!› እያለች ነው የምትስቀው። ጣቴ ጥጉ ላይ ወጥቷል። ሲበራልኝ ቆርጬ ላወጣው ነበር።»

ጋሽ ሞላልኝ ከት ብለው ሳቁ። «እንዳትነኪው! አየሁ፣ በደንብ አየሁ።»

ስክሪኑ በራ። ትንሿ ልጅ አያቷን አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን ብዥ ያለ ነገር በጣቷ ነካችው።

«ይሄስ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ትርሲት። «አያትሽን ያሳቅኋት።»