ድቧ እንዴት ናት

አረንጓዴውን ውሃ በመጥረጊያዬ ወደ ቱቦው እየገፋሁ ሳለ የአራዊት ማቆያው በር ላይ መኪና ይቆማል። መኪና በቆመ ቁጥር ልጄ አንድ ነገር የሆነች፣ ከትምህርት ቤት «ነይ ቶሎ» ሊሉኝ የመጡ ይመስለኛል። አንዲት ሴት ቦርሳዋን አንግታ ስትወርድ ነው ትንፋሼ የሚመለሰው። ኢሪት ናት፣ ከመንግሥት የተላከችው የእንስሳት ሐኪም። ሳምንቱን ሙሉ ስንጠብቃት ነበር።

«መጣችልሽ» ይለኛል ጋሼ ዘሩ፣ የዓሣውን ባልዲ እንደያዘ ከአጥሩ ማዶ። «ድቧን ተቀመጪ በያት። በእንግዳ ፊት እንዲህ አይንጎራደዱም።»

«እርስዎ አይነግሯትም?»

«ነገርኳት እንጂ። ሚስራድ ቢሮ ቀጠሮ አለኝ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት እየላኩኝ ነው አለችኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የበረዶ አገር ነጭ ድብ ናት የምትባለው፤ ትናንት የግቢዋን ግድግዳ ነጭ ቀባነው፤ በረዶ እንዲመስል ጫፍ ጫፉን ሰማያዊ። ድቧ ነጭ አለመሆኗ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። በአስቀሎን ሙቀት ጸጉሯ ላይ የኩሬ ድንጋይ የሚይዘው ዓይነት አረንጓዴ ወጥቶበታል። መዋኛዋ ጉልበቴን አያልፍም። ጠዋት የሚጣልላት በረዶ ቁርሴን ሳልጨርስ ውሃ ይሆናል። መሬቱ ሲሚንቶ ነው። መደበቂያ ጥግ እንኳ የላትም፤ ሰው በአራቱም በኩል ቆሞ ያያታል። ያመጣት ሰርከስ ሲፈርስ እዚሁ የቀረች ናት።

ኢሪት ዛሬ «መጥፎ ነው» ብላ ከጻፈች ድቧ ብርድ ወዳለበት አገር፣ ወደ ሰፊ ግቢ ትላካለች። «ደህና ናት» ካለች እዚሁ ትቀራለች። አለቃችን አሚት ጠዋት ሰብስቦን ነበር። «ድቧ ከሄደች ሰው አይመጣም። ሰው ካልመጣ ደግሞ…» ብሎ ቀሪውን ተወው። እንደኔ ላለ ሰው ቀሪውን መተው ክፉ ነው። እስከ መጨረሻው እሞላዋለሁ፦ ሥራው ይቀራል፣ ከካራቫኑ ቤታችን እንወጣለን፣ ልጄ ትታመማለች።

ዓሣው በሙሉ እንግዳዋ ስትደርስ እንዲሰጥ ያዘዘውም አሚት ነው። ስለዚህ ኢሪት አጥሩ ጋ ስትደርስ ድቧ አርፋ ተቀምጣ ትበላለች።

«ቀኑን ሙሉ እዚህ የሚውለው ማነው?» ትላለች ኢሪት።

አሚት ወደ እኔ ያመለክታል። ፊቷ ደግ ነው። እጄን ጨብጣ «ማ ሽሎም ሃዱባ?» ትለኛለች። ድቧ እንዴት ናት ማለቷ ነው።

«ባሩኽ ሃሼም» እላለሁ። «በሴዴር። ደህና ናት።»

አፌ ነው ያለው። እኛ ዘንድ እንዴት ነው ሲባል አስቀድሞ ደህና ነው ይባላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። አባቴ ጎንደር በሞት አልጋው ላይ ሆኖ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ «ደህና ነኝ» እያለ ነው የተቀበለው። ጠያቂው ይቀመጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነት፣ እንዴት ነህ?» ይላል። ሕመሙ የሚወራው ያኔ ነው። እኔም ሁለተኛውን ጥያቄ እጠብቃለሁ። መልሱን ከሚግዳል ሰፈር ጀምሮ አውቶቡስ ላይ በዕብራይስጥ ስደረድር ነው የመጣሁት።

«ቶዳ» ብላ ታመሰግነኛለች ኢሪት። ትጽፋለች። ደብተሯን ትከድናለች።

«ጎበዝ፣ ገበያነሽ» ይለኛል አሚት። ስሜን ሳያጣምም ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። እንግዳዋን ይዞ ወደ በሩ ይሄዳል።

ዓሣው አልቋል። ድቧ ሲሚንቶውን ትልሳለች፣ ትነሳለች፣ ከግድግዳ ግድግዳ መንጎራደዷን ትጀምራለች። የሚያያት ግን እኔና ጋሼ ዘሩ ብቻ ነን።

«ምን አልሻት?» ይለኛል።

«ደህና ናት አልኳት።»

«እሷም አመነችሽ?»

«ወዲያው።»

«ምን ዓይነት ሰው ናት፣ ሳትቀመጥ የምታምን!»

መጥረጊያውን እጥለውና እሮጣለሁ። ቦት ጫማዬ ውስጥ ውሃ አለ፤ እግሬ ከባድ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት። ስደርስ ኢሪት የመኪናዋን በር ከፍታለች።

«ገቬሬት፣ እመቤቴ! ሎ በሴዴር! ደህና አይደለችም!»

«ምኑ ነው ደህና ያልሆነው?»

የደረደርኩት ሁሉ የለም። አሚት ከኋላዋ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

አስፋልቱ ላይ መራመድ እጀምራለሁ። ሰባት እርምጃ። ግድግዳው መኖር ያለበት ቦታ ስደርስ እቆማለሁ፤ አንገቴን ወደ ግራ እወረውራለሁ፤ በአንድ እግሬ እዞራለሁ። ሰባት እርምጃ። አንገት። መዞር። ሻሼ ይወልቃል። ትኬት ለመግዛት የተሰለፉ ልጆች ይስቃሉ።

«ከዚያስ?» ትላለች ኢሪት።

«እንደገና» እላለሁ። በአማርኛ ነው የወጣኝ። እራመዳለሁ።

የመኪናውን በር ትዘጋለች። ሰዓቷን ታያለች፣ ወደ ድቧ ግቢ ታያለች፣ ወደ እኔ ታያለች። «ካማ ዝማን? ለምን ያህል ጊዜ?»

«ኮል ሃዮም» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ። ትንፋሼ ተቆራርጧል። «ኮል ዮም።» በየቀኑ።

ኢሪት ደብተሯን አውጥታ የመኪናው ጀርባ ላይ ዘርግታ መጻፍ ትጀምራለች፤ ይኸኛው ረጅም ነው። በቃሽ ያለኝ የለም። አሚት አንድ ነገር ይላል፤ አልሰማውም። አስፋልቱ ይፋጃል። ሰባተኛው እርምጃ ላይ እግሬ ሳልነግረው ይዞራል።