ሙቀት የምትለካው ሸሚዝ

ድሬዳዋ ውስጥ ዛሬ ሕፃን ሁሉ ሙቀት የምትለካ ሸሚዝ ይለብሳል። ሲያተኩሰው ታቀዘቅዘዋለች፤ ሲበርደው ታሞቀዋለች። የሚያቅፈውን ሰው ሙቀት ግን ከትኩሳት አትለይምና፣ ሲታቀፍ እንደ ቆርቆሮ ትደርቃለች።

ትናንት የልጅ ልጄን የምንትዋብን ፊት ገርጥቶ አየሁት። ሸሚዟ ምንም ባትልም አላመንኳትም። ግንባሯን ልዳብስ እጄን ዘረጋሁ።

«እማዬ፣ ተይ! ሸሚዟ ትደርቅባታለች» አለችኝ ልጄ ሙሉመቤት።

«አንቺን ያሳደገሽ ይሄ መዳፍ አይደለም እንዴ? ዛሬ ጨርቅ በለጠኝ?»

ቅናቱ አላስቀመጠኝም። ሸሚዟን ላታልላት ብዬ ሁለቱን ክንዶቼን እስከ ትከሻዬ የበረዶ ውሃ ውስጥ ነከርኩና ምንትዋብን እቅፍ አደረግኳት። ሸሚዟ አልደረቀችም። እሰይ አልኩ በሆዴ።

ምንትዋብ ግን ተንቀጠቀጠች። «እማምዬ፣ ቀዝቃዛ ነሽ» ብላ ከእቅፌ ወጣችና፣ እጆቿን ሸሚዟ ውስጥ ከታ መሞቅ ጀመረች።